የሐምደኒል ኪኒንና የአራት ሴቶች ትዳር

ሐምደኒል በሕይወቱ ለብቻው የቀመሰው ነገር ቢኖር የእናቱ ጡት ብቻ ነው ይባላል። አሮጊቷን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «እሱንም ቢሆን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተካፍሎታል» አለችኝ።

እኔ ታጅ አስሲር እባላለሁ፤ የወድ ጉባራ መንደር ልብስ ሰፊ ነኝ። የሐምደኒል ሚስት ሱራ እህቴ ናት። ከዚያም በላይ በእሱ ጦስ ከሆስፒታል ደረጃ ላይ እንደ ጆንያ ተንከባልያለሁ። ስለ እሱ ለመናገር ከእኔ የበለጠ መብት ያለው ሰው ካለ ይምጣ።

ሥራው ውሃ ማካፈል ነው። ከዐባይ የተጠለፈው ትልቁ ቦይ በመንደራችን ጥግ ያልፋል፤ ሐምደኒል የውሃ በሩን መዘውር እያዞረ ለጥጡም ለማሽላውም ለኦቾሎኒውም ድርሻውን ሲለቅ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በሌላው መንደር ሰው በውሃ ሰበብ አካፋ ይማዘዛል። በእኛ ዘንድ ግን እሱ በሩ ላይ ካለ የሚጨቃጨቅ የለም፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ውሃ የሚደርሰው ለራሱ እርሻ ነው፣ አንዳንዴም አይደርሰውም። ሱራ ይህን እንደ ደግነት አትቆጥረውም።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የውሃ በሩ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁርሳችን ይቀርባል። አንድ ትሪ፣ አራት ሰው፦ ሐምደኒል፣ እኔ፣ የሁለት ሚስቶች ባል የሆነው ሥጋ ሻጩ ጃደላ፣ እና መምህር ሹረይፍ። መምህሩ ሠላሳ ዓመት ልጆች ሲያስጠና ስለኖረ የሚናገረውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይናገራል። ፉል አቀብለኝ ሲል እንኳ «ፉሉን፣ ፉሉን» ነው።

በመንገድ ያለፈ ሁሉ «እንብላ!» ይባላል። ይህ የትም ያለ ወግ ነው፤ አላፊውም «ብሉ፣ በልቻለሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሐምደኒል ግን እንብላ ሲል የምሩን ነው። እምቢ ካሉት ይነሣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ከዚያም ይምላል። እኛ ዘንድ «በሞቴ» ብሎ መለመን ማንንም አያስደነግጥም፤ ሰው መሞቱ አይቀርም። የሚያስደነግጠው የፍቺ መሐላ ነው። «ካልበላህ ሱራ ትፈታ!» ይላል ሐምደኒል፣ አላፊ አግዳሚውም የማያውቃትን ሴት ትዳር ለማዳን ሲል ቁጭ ብሎ ይበላል።

ኢማሙ ይህን መሐላ በዓርብ ስብከት አጥብቀው ተቃወሙ። ሐምደኒል ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቆ ምሳ ጋበዛቸው። እምቢ ሲሉት ማለባቸው።

«ትዳሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዶሮ ብልት ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ» ትላለች እህቴ።

በረመዳንማ አይጣል ነው። በአገራችን በጀዚራ መንገድ ዳር ያለ መንደር ሁሉ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡስ እያስቆመ መንገደኛ ያስፈጥራል። ሐምደኒል ግን አውቶቡስ አይበቃውም። አንድ ዓመት እስረኛ የጫነ የፖሊስ መኪና አስቆመ። ሌባው ካቴናውን እንዳጠለቀ ትሪያችን ላይ ቀረበ። «ቀኝ እጁን ፍቱለት እንጂ፣ በግራው ሊበላ ነው እንዴ?» ብሎ ሐምደኒል ፖሊሶቹን በሱራ ፍቺ ማለባቸው። ፈቱት። ሌባው በልቶ፣ አመስግኖ፣ እጁን መልሶ ሰጣቸው።

እንግዲህ ወደ ሕመሙ ልምጣ።

እኛ ያደግነው ቦዩ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ከውሃው የምንወጣው ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። ሽንቱ ያልቀላ ልጅ ገና ሕፃን ነው ተብሎ ከጨዋታ ይባረራል፤ ሽንቱ የቀላ ጎረመሰ ይባላል። ሐምደኒል ከሁላችንም ቀድሞ ጎረመሰ፣ ከሁላችንም በላይ ቀላ። ቢልሃርዝያ የሚባል ትል ከውሃው በቆዳ ገብቶ ደም ስር ውስጥ ቤት እንደሚሠራ የሰማነው ካገባን በኋላ ነው። እኛ መድኃኒቱን ዋጥን። እሱን ግን ዳነ በተባለ በማግስቱ ሥራው መልሶ ውሃ ውስጥ ይጨምረዋል። ኋላ ላይ በግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር አንድ ጠጣር ነገር አበጠ። የመንደሩን ልጆች እየጠራ «አንኳኩ፣ በስሏል?» እያለ እንደ ሐብሐብ ያስመታቸው ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ረፋድ ቁርስ ላይ ሳለን «ይቅርታ» ብሎ ከትሪው ዞር አለ። የእጅ መታጠቢያውን ሳፋ ሳበና አስታወከ። ደም ነው። ጠብታ እንዳይመስላችሁ፣ ሳፋውን ግማሽ ድረስ ሞላው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኛ ሦስታችንም ብድግ ስንል እጁን ዘርግቶ ከለከለን።

«አትነሡ» አለ በሰለለ ድምፅ። «ብሉ። ፉሉ ይቀዘቅዛል።»

በጃደላ ፒክአፕ፣ በሥጋ መጫኛው ላይ አጋድመን ወደ ከተማ በረርን። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ሦስታችንም ደም ሰጠን። ሐምደኒል ዐይኑን ገልጦ ከከረጢቱ የሚወርደውን ደም እያየ «የማን ነው?» አለ። የጃደላ ነው ስንለው «ለእሱስ ተረፈው?» ብሎ ጠየቀ።

ዶክተር ኢቅባል የምትባል ሐኪም ያዘችው። ቁመቷ ትሪያችንን በቁሙ ቢያቆሙት የሚያክል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ነገር ግን ነርሶቹ ሁሉ ስታልፍ ጀርባቸውን የሚያቀኑላት ሴት ናት። ሆዱን ዳሰሰች፣ ጠጣሩን ነገር ለካች። ልጅ ሳለ የት ይዋኝ እንደነበር ጠየቀችው። ሰገራው ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ሐምደኒል ግድግዳ አየ። ከልጁ በምታንስ ሴት ፊት ስለ ሰገራ ከሚያወራ ሌላ ሳፋ ደም ቢያስታውክ ይመርጣል።

«ጠቁሮ ነበር» አለች ሱራ ከበሩ ላይ። «ሁለት ጊዜ። ቴምር በልቼ ነው አለኝ።»

ከዚያ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ረጅም ቱቦ በአፉ ሊገባ ሆነ። ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ ነገር ነፉበት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ቱቦው ገባ። ከተወለደ ጀምሮ ሐምደኒል ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። በመስታወቱ በኩል ከሱራ ጋር ቆመን እናያለን። አንድ ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድም «እንብላ» የለ፣ አንድም መሐላ የለ።

እህቴ ዕንባዋን ጠረገችና ነርሷን ጠየቀቻት። «ይሄ ነገር እስከ ዓርብ ድረስ እዚያው ቢቆይ ጉዳት አለው?»

ሐምደኒል ሲነቃ ዶክተር ኢቅባል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ዐም»፣ አጎቴ እያለች አስረዳችው። «ዐም ሐምደኒል፣ ትሉ በብዙ ዓመት ጉበትዎን አጠንክሮታል። ከሆድ የሚመጣው ደም በጉበት በኩል ማለፍ ነበረበት፤ መንገዱ ጠበበበት። ስለዚህ...»

«ወደ ኋላ ተመለሳ» አለ ሐምደኒል።

«አዎ።»

«ዋናው በር ሲዘጋ ውሃው ትንንሾቹን ቦዮች ያጨናንቃል። እነሱ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ውሃ አልተቆፈሩም፤ ያብጣሉ። አንድ ቀን ዳርቻቸው ይናዳል።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያበጡት ትንንሾቹ ቦዮች ያሉት ጉሮሮዎ ውስጥ ነው። ዛሬ አምስቱን በላስቲክ ቀለበት አስሬያቸዋለሁ። ሁሉም እስኪጠፉ ድረስ በየሦስት ሳምንቱ እየመጡ እናስራለን።»

«የተናደውን ደፈንሽ። ግን ልጄ፣ ላይ ውሃው ካልቀነሰ ሌላ ቦታ ይንዳል።»

«ለዚህ ነው ኪኒኑ!» አለች፤ ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ነው። «ጠዋትና ማታ። የልብን ሩጫ ያዘገያል፣ ግፊቱን ይቀንሳል። የልብ ምትዎ አሁን ዘጠና ነው፤ ስልሳ ግድም ወርዶ ማየት እፈልጋለሁ።»

ኋላ በኮሪደሩ ላይ «እንዲህ ፈጥኖ የገባው ታማሚ ገጥሞኝ አያውቅም» አለችኝ። እኔም ኮራሁ። ሰው ነገር ስለገባው ብቻ የሚድን መስሎን ነበር።

ወደ መንደር ስንመለስ ጃደላ ለምስጋና በግ አረደ። ለስላሳና የቀዘቀዘ ነገር ብቻ ይብላ ስለተባለ ሱራ ጭልፋ ይዛ ከአጠገቡ ቆማ ዋለች። አንዲት አክስታችን ጥሬ ጉበት በሚጥሚጣ ደብቃ ልታጎርሰው ስትል ጭልፋው እጇ ላይ አረፈ። «ጉበትን ጉበት ያድነዋል እኮ!» አለች አክስቴ እጇን እያሸች። ሐምደኒል የበረደ ገንፎውን ይዞ ለመንደርተኛው ሁሉ «እንብላ» አለ። ሚጥሚጣ እየቀረበ ገንፎ ማን ይበላል? ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እምቢ አለው፣ እሱም ቱቦው ድምፁን ስላሰለለው አልማለም። ይህ ቅር እንዳሰኘው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ ከኒሙ ሥር ተሰበሰብን። ሐምደኒል ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። ስልሳ ሮዝ ኪኒን አለበት፤ የአንድ ወር ነው። አንዱን መዳፉ ላይ አደረገ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ቆመ። እኛን አየን። እኛም ዐይናችንን ወዴት እናድርገው፣ እያየነው ነው። መዳፉን ወደ እኛ ዘረጋ።

«እንብላ» አለ።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«አንተ፣ መድኃኒት እኮ ነው!» አለው ጃደላ።

«መድኃኒት ክፉ ነገር ነው? ከከተማ የመጣ ነው። ልብን ያሳርፋል ብላለች። የማን ልብ ነው ማረፍ የማይፈልገው?»

«ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» አለ መምህር ሹረይፍ።

«ትሪዬ ላይ ተቀምጣችሁ እኔ ለብቻዬ ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ካልዋጣችሁ ሱራ ትፈታ!»

እህቴ ናት። ምን ላድርግ? ዋጥኩ። ጃደላም ዋጠ፣ መምህሩም ዋጠ። ሐምደኒል ፊቱ በራ። ጋባዥ የሚበላው መጨረሻ ስለሆነ የራሱን ወደ ብልቃጡ መለሰና «እኔ ማታ እወስዳለሁ» አለ።

ይህ የአንድ ቀን ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱም «እንብላ!» በሦስተኛውም ቀን። ሰው ክፉ ልማድን የሚለምደው እንዲህ ነው፤ በሳምንቱ ጃደላ ራሱ «የዛሬው ኪኒንስ?» ማለት ጀመረ። ለእኛ ሦስት፣ ለእሱ ማታ እቤቱ አንድ፤ በአሥራ አምስት ቀን ብልቃጡ ተጠረገ። ሱራ ስትጠይቀው «አልቋል፣ ምስጋና ለአላህ» አላት። እውነቱን ነው፣ አልቋል።

መንደሩ ግን ለውጥ አየ። ጃደላ በጉን አስሮ ቢላዋ ሲስል እዚያው በጉ ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል። መምህር ሹረይፍ ሠላሳ ዓመት በቁጣ ያስተማረው ሰውዬ ለስላሳ ሆነ፤ ልጆቹ «መምህራችን ታሟል» ብለው እቤታቸው ነገሩ። ማታ ማታ ደግሞ ደረቱ ይፏጭበታል፤ የጥጥ ለቀማው አቧራ ነው ብለን ተውነው። እኔ ከስፌት መኪናዬ ብድግ ባልኩ ቁጥር ዓለም ትዞርብኛለች፣ እጄም በዚያ ሁሉ ሙቀት እንደ ዓሣ ይቀዘቅዛል። ሚስቴ «በሽተኛው ሳይሆን አስታማሚው ነው የሚደክመው» ብላ አዘነችልኝ።

በሦስት ሳምንቱ ሄድን። ዶክተሯ እጁን ያዘች፣ ሰዓቷን አየች። ዘጠና ሁለት። «ኪኒኑን ወስደዋል?»

«ብልቃጡ ባዶ ነው» አለ ሐምደኒል አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ባዶ? የወር ነበር እኮ! ከታዘዘው በላይ ወስደው እንኳ አልወረደም?» ግራ ተጋብታ መዝገቧ ላይ ጻፈች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ለምን አልተናገርኩም? ጓደኛዬን በሴት ፊት ላለማዋረድ ነበር፤ ደግሞም ምንም ጉዳት ያለው አልመሰለኝም። ቱቦው ገባ። ሌሎች ደም ስሮች አብጠው አገኘች፣ አራት ቀለበት አሰረች፣ የኪኒኑንም መጠን አሳደገችና ትልቅ ብልቃጥ ሰጠችው።

ትልቅ ብልቃጥ አግኝቶ ደስታውን ልነግራችሁ አልችልም። አሁን ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ደረሰን።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው ሱራ በማለዳ ልብስ ስፌት ቤቴ መጣች። እህቴ ተሳዳቢ ናት፤ ያን ቀን ግን አልተሳደበችም። «ታጅ፣ ሰገራው እንደገና ጠቁሯል» አለችኝ። «ደብቆኝ ነው። አፈር ሲያለብስ አየሁት።»

ያኔ ደነገጥኩ። በዚያው ዕለት ይዘነው ሄድን። ዶክተር ኢቅባል ምቱን ቆጠረች፦ ዘጠና አራት። ሁላችንንም አስቀምጣ እንዲህ አለችው። «ዐም ሐምደኒል፣ እውነቱን ልንገርዎ። ደም ስሮቹ መልሰው እያበጡ ነው። እንደ መጀመሪያው ቀን መንደር ላይ ከፈነዱ እዚህ አይደርሱም። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለት ሰዓት የለዎትም። ቀለበቱ ብቻውን አይበቃም። ያ ኪኒን ለምን እንደማይሠራልዎ ደግሞ ሊገባኝ አልቻለም።»

እኔ ውሃ ላመጣለት ብድግ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ጣሪያው ዞረ፣ ወለሉ ዞረ፣ ቀጥሎ የማስታውሰው ከታች ተዘርግቼ የዶክተሯ ጣት እጄ ላይ መሆኑን ነው። ከንፈሯ ይቆጥራል።

«አርባ ስምንት!» አለች። «ምን በሽታ አለብህ?»

«ምንም። ጤነኛ ነኝ።»

«ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?»

«የራሴ የለኝም» አልኩ። ጭንቅላቴ ስለተመታ ይሆናል እውነቱ ያመለጠኝ። «የምወስደው የሐምደኒልን ብቻ ነው።»

ዶክተሯ ወደ ላይ አየች። ሐምደኒል ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር፣ ሱራ ከጀርባው።

«ሌላስ ማን ይወስዳል?» አለች ዝግ ባለ ድምፅዋ።

«ሥጋ ሻጩ... እና መምህሩ።»

«ከመካከላችሁ ደረቱን የሚያፍነው ሰው አለ? የሚያፏጭበት?»

«መምህሩ» አልኩ። «አቧራ ነው ብለን...»

ያቺ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ግቢው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሰምታዋለች። ይህ ኪኒን ደረቱ የሚያፍነውን ሰው ሊገድል እንደሚችል፣ እኔም ከዚህ ወዲያ አንድ ብወስድ ልቤ ሊቆም እንደሚችል፣ ሐምደኒል ደግሞ አንድ ወር ተኩል ያለ መድኃኒት እየኖረ ሁለት ጊዜ ፊቷ ላይ እንደዋሸ ነገረችን። «ሁላችሁም ልትሞቱ ነበር፤ በጨዋነት!» አለች።

ሐምደኒል ወርዶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እጄን ያዘ። ፊቱ የፈራ ሰው ፊት ነበር፣ ለራሱ ግን አልነበረም።

«በሉ አሁን ቤትዎ ገብተው፣ በር ዘግተው ይዋጡ» አለችው።

«ተደብቄ?»

«ተደብቀው!»

«ልጄ» አለ ሐምደኒል፣ «በችግሩ ዓመት አባቴ አንዲት ቴምር ለአራታችን በጥርሱ ቆርጦ አካፈለን። እሱ ፍሬዋን ጠባ። በር ዘግቶ ሊበላት ይችል ነበር እኮ፤ አልዘጋም። እኔ አሁን ጓደኞቼ ትሪዬ ላይ ተቀምጠው በር ልዝጋ? እጄ አይሄድልኝም። እውነቴን ነው፣ ሞክሬያለሁ። ማታ ማታ እንኳን ሱራን ደብቄ ድመቷን እንብላ እላታለሁ።»

ሱራ ቀበል አድርጋ «ድመቷ!» አለች። «ለዚያ ነው እንዴ አይጥ ማባረር የተወችው!»

ዶክተሯ ልትስቅ ፈልጋ አልሳቀችም። ቱቦዋን አስገባች፣ ቀለበቷን አሰረች፣ አዲስ ብልቃጥ ሰጠችንና ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ሐኪም ነኝ፤ ይህን በሽታ የማድንበት ትምህርት የለኝም። እናንተ ጓደኞቹ ናችሁ፤ መላ ፈልጉ።»

በመንገድ ላይ አላናገርኩትም። ተናድጄ ነበር። ደግሞ ያቺ ቴምር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ሰውዬው እንዲሞት አልፈልግም። እንዲለወጥም አልፈልግም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ጃደላንና መምህሩን ቀሰቀስኳቸው።

ረፋድ አራት ሰዓት ሆነ። ፉሉ መጣ፣ ኪስራ የምንለው ስስ እንጀራችን መጣ። ሐምደኒል ብልቃጡን አወጣ። ዶክተሯ ያለችውን ያውቃል፣ እንደሚገድለን ያውቃል። ልማድ ግን ልማድ ነው፤ አፉ ተከፈተ። «እን...»

«ዝም በል!» አልኩና ብድግ አልኩ። «ይህን ኪኒን ወደ አፌ ካስገባሁ ሚስቴ ትፈታ! አንተም ይህ ፉል ሳይቀዘቅዝ ለብቻህ ካልዋጥከው ሚስቴ ትፈታ!»

ሐምደኒል አፉን እንደከፈተ ቀረ። በሕይወቱ ማንም ምሎበት አያውቅም።

ጃደላ ተነሣ። «የእኔም ትፈታ!»

«የትኛዋ?» አለ መምህሩ።

«ሁለቱም!»

መምህር ሹረይፍ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔም ትፈታ፣ የእኔም...»

«ሁለት ጊዜ አትበል!» ብለን ሦስታችንም ጮኽንበት። «ይጸናብሃል!»

አፉን በእጁ ያዘ።

ከኒሙ አጠገብ ካለው ከጃደላ አጥር ወዲያ ለካ ሴቶቹ ይሰማሉ። የጃደላ ሁለት ሚስቶች በአንድ ማሰሮ ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም ነበር። አሁን ሁለት ራስ በአጥሩ ላይ እኩል ብቅ አለ። «ሐምደኒል፣ ዋጥ!» አለች ትልቋ። «ፉሉ ሊቀዘቅዝ ነው እኮ!» አለች ትንሿ። ሚስቴም ሊጥ በእጇ እንዳለ እየሮጠች መጣች። እህቴ ሱራ ብቻ ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። «ሠላሳ ዓመት የእኔ ነበር» አለች። «ዛሬስ የሌላ ሰው ትዳር ይሁን፤ ልቀመጥና ልይ።» እንዲህ እያለች ግን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

ሐምደኒል ኪኒኑን አየ። ፉሉን አየ። እንፋሎቱ እየሳሳ ነው። አራት ትዳር፣ አሥራ ዘጠኝ ልጅ።

«ዐይናችሁን ጨፍኑልኝ» አለ።

ጨፈንን። መምህሩ አጮልቆ እንዳየ በኋላ አምኗል። ውሃ ሲጎነጭ ሰማነው። ዐይናችንን ስንገልጥ ሐምደኒል ጉንጩ ረጥቦ፣ ባዶ መዳፉን ዘርግቶ ያሳየናል፤ አባቱ ፊት የቆመ ልጅ ይመስል ነበር።

«መራራ ነው» አለ።

«እናውቀዋለን» አልነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መሐላችን ለጠዋቱም ለማታውም ኪኒን ሳይፈታ ኖረ። ምቱ ወደ ስልሳ ወረደ፣ የመምህሩ ደረት ፉጨቱን ተወ፣ ጃደላ በግ ላይ መተኛት አቆመ፣ ልጆቹም መምህራቸው ስለዳነ አዘኑ። በስድስተኛው ቱቦ ዶክተር ኢቅባል ከላይ እስከ ታች አየችና «አንድም የለም» አለች። እንዴት እንደሆነ ስንነግራት በዚያች ቁመቷ እስክትታጠፍ ሳቀች። ኪኒኑ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ነው፤ በዓመት አንዴም መታየት አለበት።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። አንድ የከበደን ነገር ረመዳን ነበር፤ የማታው ኪኒን ከመፍጠሪያው ሰዓት ጋር ይገጥማል፣ ትሪው ላይ ደግሞ መሐላችንን የማያውቅ አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ አለ። መላውን ራሱ ሐምደኒል አመጣው። አውቶቡስ የሚያስቆምበትን ገመድ መንገዱ ላይ ይዘረጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሰዉ ይወርዳል፣ ለያንዳንዱ በእጁ ቴምር ይሰጣል። ከዚያ መካከላቸው ቆሞ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ ያሳያል። «ወገኖቼ፣ ይህን ላካፍላችሁ አልችልም፤ የአራት ሴት ትዳር አለበት። ለብቻዬ መዋጥም አልችልም። ስለዚህ አደራችሁን፣ ጠብቁኝ።»

አዛን ይሰማል። አርባ መንገደኛ፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ቀኑን ሙሉ የተጠሙ ሰዎች፣ ቴምራቸውን ከንፈራቸው ላይ ይዘው አንድን ሽማግሌ ያያሉ። ሐምደኒል ኪኒኑን ምላሱ ላይ ያኖራል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ጉሮሮው አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ በየዓመቱ ያችን ጉሮሮ ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ወረደ!» ይላል። «እንብላ!»